የአምስት ዓመት ሕግ፣ የአምስት ዓመት ፓርቲ

በካናዳዋ የኩቤክ ክፍለ ሀገር ሴፕቴምበር 25 ቀን 1989 በተካሄደው ምርጫ፣ ከተመሠረተ ዓመት ያልሞላው አንድ ትንሽ ፓርቲ አራት የምክር ቤት መቀመጫዎችን አሸነፈ። ምክር ቤቱ 125 መቀመጫዎች ስላሉት አራት ኢምንት ቁጥር ሊመስል ይችላል። ሆኖም መቀመጫዎቹ የተገኙት የሊበራል ፓርቲ የማይደፈሩ ምሽጎች ተደርገው ይቆጠሩ በነበሩ፣ አሸናፊያቸው ማን እንደሚሆን አስቀድሞ መጠየቅ እንኳ አላስፈላጊ በሚመስልባቸው የሞንትሪያል ደሴት የምርጫ ክልሎች ነበር። በ1994 በተካሄደው ቀጣይ ምርጫ ግን ፓርቲው አንድም መቀመጫ አላገኘም፤ ከዚያም በኋላ አላንሰራራም። ስሙ የእኩልነት ፓርቲ ይባል ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የምኖረው ከአራቱ የምርጫ ክልሎች በአንዱ፣ በኖትር-ዳም-ደ-ግራስ ነው። ወደዚህ ሰፈር ስመጣ የፓርቲው ስም ከጋዜጦች ጠፍቶ ስለነበር፣ ስለ እርሱ የሰማሁት ከጎረቤቶቼ፣ በተለይም በዕድሜ ከገፉት እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ነው። ሲያነሡት በድምፃቸው ውስጥ ኩራትና ቁጭት አንድ ላይ ይሰማል። ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ የቆየሁት አንድ ጥያቄ ስላልለቀቀኝ ነው፤ የአንድ ፓርቲ ዕድሜ ማጠር ምን ያህሉ የመሪዎቹ ጥፋት፣ ምን ያህሉስ ፓርቲውን የወለደው ጉዳይ ባሕርይ ነው? እኔ ያደግሁበት የፖለቲካ ንግግር ለትናንሽ ፓርቲዎች ደግ አልነበረም፤ ወይ «ተለጣፊ» ይባላሉ፣ ወይ ለምርጫ ሰሞን ብቻ ብቅ ብለው የሚጠፉ ተደርገው ይቆጠራሉ። የእኩልነት ፓርቲ ከሁለቱም አልነበረም፤ ታሪኩን በቅጡ መጻፍ የፈለግሁትም ስለዚህ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከ1977 ነው። በሬኔ ሌቬክ የሚመራው፣ ለኩቤክ ነጻነት የሚታገለው የፓርቲ ኬቤኳ መንግሥት፣ በሚኒስትሩ በካሚ ሎራን አርቃቂነት፣ በተለምዶ «ሕግ 101» የሚባለውን የፈረንሳይኛ ቋንቋ ቻርተር በዚያ ዓመት ኦገስት ወር አጸደቀ። ሕጉ ፈረንሳይኛን የመሥሪያ ቤት፣ የፍርድ ቤት፣ የሥራና የንግድ ቋንቋ አደረገ፤ ከውጭ የሚመጡ ሰዎች ልጆችም በፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት እንዲማሩ አዘዘ። የንግድ ማስታወቂያና የሱቅ ጽሑፍም በፈረንሳይኛ ብቻ እንዲሆን ደነገገ። በዚያ ዘመን ብዙ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ንብረታቸውን እየሸጡ ወደ ኦንታሪዮ ሄዱ፤ ሰን ላይፍ የተባለው ትልቅ የኢንሹራንስ ኩባንያም በ1978 ዋና መሥሪያ ቤቱን ወደ ቶሮንቶ እንደሚያዛውር አስታወቀ።

እዚህ ላይ የራሴን አቋም በግልጽ ማስቀመጥ አለብኝ። የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹን ሥጋት እረዳለሁ፤ እንዲያውም አከብረዋለሁ። በሰሜን አሜሪካ በመቶ ሚሊዮኖች በሚቆጠሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ተከብቦ የሚኖር፣ በዚያን ጊዜ ጠቅላላ ቁጥሩ ወደ ሰባት ሚሊዮን የሚጠጋ የአንድ ክፍለ ሀገር ሕዝብ፣ ቋንቋው ከልጅ ልጆቹ አፍ እንዳይጠፋ ሕግ ማውጣቱ የጥላቻ ሥራ አይደለም። ልጆቼ በፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት ተምረዋል፤ አማርኛውን በቤት ለማቆየት የምናደርገውን ትግል የሚያውቅ ወላጅ ሁሉ የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹን ጭንቀት ከውስጡ ያውቀዋል። ይህን የምለው የእኩልነት ፓርቲ ደጋፊዎች የተቃወሙት ምን እንደነበረ በትክክል ለመለየት ነው። አብዛኞቹ የፈረንሳይኛን ቀዳሚነት አልተቃወሙም፤ የተቃወሙት የራሳቸው ቋንቋ ከአደባባይ እንዲፋቅ መደረጉን ነው።

በ1985 በተካሄደው ምርጫ በሮቤር ቡራሳ የሚመራው የሊበራል ፓርቲ፣ በሁለት ቋንቋ የሚጻፍ የሱቅ ጽሑፍ እንደሚፈቀድ ቃል ገብቶ ወደ ሥልጣን ተመለሰ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹም እንደ ልማዳቸው ድምፃቸውን በጅምላ ሰጡት። መንግሥቱ ግን ቃሉን ወዲያው ከመፈጸም ይልቅ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ መጠበቅን መረጠ፤ ምክንያቱም አምስት የንግድ ድርጅቶች በማስታወቂያው ድንጋጌ ላይ ያቀረቡት ክስ በሂደት ላይ ነበር። ከከሳሾቹ መካከል በሞንትሪያል ዳርቻ ፖዋንት-ክሌር በሚባል ከተማ ያለች የሹራብ ክር መሸጫ ሱቅ ትገኝበታለች፤ ጥፋቷ «ሱፍ» የሚለውን ቃል በፈረንሳይኛም በእንግሊዝኛም ጽፋ መስቀሏ ነበር።

የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዲሴምበር 15 ቀን 1988 ውሳኔውን ሰጠ። ውሳኔው ሁለት ገጽ ያለው መሆኑን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ የእኔ ክርክር ሁሉ የቆመው ግን በዚህ ላይ ነው። ፍርድ ቤቱ በአንድ በኩል ከፈረንሳይኛ ሌላ ቋንቋን ፈጽሞ መከልከል ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትን ይጥሳል አለ። በሌላ በኩል ደግሞ፣ የፈረንሳይኛ ቋንቋ አሳሳቢ ሁኔታ ላይ መሆኑን ተቀብሎ፣ ፈረንሳይኛ ከሌሎች ቋንቋዎች ጎልቶ እንዲታይ ማስገደድ ተገቢ ሊሆን እንደሚችል አመለከተ። በሌላ አነጋገር የክርክሩ መውጫ በር በዚያች ቀን በጽሑፍ ተቀምጦ ነበር፤ ፈረንሳይኛው በትልቁ፣ ሌላው ከሥሩ በትንሹ ይጻፍ።

ቡራሳ በዚያ በር አልወጡም። ከውሳኔው አንድ ሳምንት ገደማ በኋላ ምክር ቤቱ «ሕግ 178» የተባለውን አጸደቀ። በዚህ ሕግ መሠረት ከሱቅ ውጭ የሚለጠፍ ጽሑፍ በፈረንሳይኛ ብቻ ይሆናል፤ በሱቅ ውስጥ ግን ፈረንሳይኛው ጎልቶ እስከታየ ድረስ ሌላ ቋንቋ በተወሰነ ሁኔታ ይፈቀዳል። ሕጉ በድጋሚ በፍርድ ቤት እንዳይሻር መንግሥት የካናዳን የመብቶችና የነጻነቶች ቻርተር አንቀጽ 33 ተጠቀመ። ይህ አንቀጽ የፌዴራሉ ወይም የክፍለ ሀገር ምክር ቤት አንዳንድ የቻርተሩ ድንጋጌዎች ቢኖሩም አንድ ሕግ በሥራ ላይ እንዲውል ለመወሰን ያስችለዋል፤ ሆኖም ውሳኔው የሚጸናው ለአምስት ዓመት ብቻ ስለሆነ፣ ጊዜው ሲያልቅ ምክር ቤቱ በድጋሚ ድምፅ ሰጥቶ ካላደሰው በራሱ ይቀራል። አምስት ዓመት የተባለውም ከአንድ ምክር ቤት የሥራ ዘመን ጋር እንዲገጥም፣ ማለትም መብት የገደበ መንግሥት ገደቡን ከማደሱ በፊት ሕዝብ ፊት እንዲቀርብ ነው።

በቡራሳ ካቢኔ ውስጥ ከነበሩት አራት እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሚኒስትሮች ሦስቱ፣ ክሊፎርድ ሊንከን፣ ሪቻርድ ፍሬንች እና ኸርበርት ማርክስ፣ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ሊንከን በምክር ቤቱ ባደረጉት የስንብት ንግግር መብት ምንጊዜም መብት እንደሆነ፣ የቤት ውስጥ መብትና የውጭ መብት የሚባል ነገር እንደሌለ ተናገሩ። ይህን ንግግር ባነበብሁ ቁጥር የሚገርመኝ፣ ሰውየው የተቃወሙት የራሳቸውን ፓርቲና የራሳቸውን መሪ መሆኑ ነው። የሕጉ ዳፋ ከኩቤክም አልፎ ሄደ፤ የማኒቶባው መሪ ጌሪ ፊልመን ኩቤክን ወደ ሕገ መንግሥቱ ማዕቀፍ ለመመለስ ታስቦ የተዘጋጀውን የሚች ሌክ ስምምነት ለማጽደቅ ያቀረቡትን ሐሳብ፣ የሕግ 178 ዜና እንደተሰማ አነሡት። ስምምነቱ በ1990 ሳይጸድቅ ቀርቷል።

የእኩልነት ፓርቲ የተወለደው በዚህ ቁጣ ውስጥ ነው። መሪው ሮበርት ሊብማን ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው፣ ከዚያ በፊት በምርጫ ተወዳድረው የማያውቁ አርክቴክት ነበሩ። ከሞንትሪያል ደሴት ውጭ ላሉ የምርጫ ክልሎች ደግሞ «የአንድነት ፓርቲ» የሚባል እኅት ድርጅት ተቋቋመ። ሁለቱም ገንዘብም ሆነ መዋቅር አልነበራቸውም ማለት ይቻላል፤ የነበራቸው በየሳሎኑና በየምኩራቡ አዳራሽ ሳይቀር የሚሰማ የመከዳት ስሜት ነበር። ምርጫው ሲጠናቀቅ ሊበራሎቹ 92፣ ፓርቲ ኬቤኳ 29፣ የእኩልነት ፓርቲ ደግሞ 4 መቀመጫ አገኙ። ሊብማን ራሳቸው በዳርሲ-መጊ፣ የታሪክ መምህሩ ኒል ካምረን በዣክ-ካርቲዬ፣ የሬዲዮ ሰው የነበሩት ጎርደን አትኪንሰን በኖትር-ዳም-ደ-ግራስ፣ ጠበቃው ሪቻርድ ሆልደን በዌስትማውንት ተመረጡ። ከአራቱ ክልሎች ሁለቱ፣ ዳርሲ-መጊና ዌስትማውንት፣ ሥልጣን የለቀቁት የማርክስና የፍሬንች የነበሩ ናቸው።

ፓርቲው በመላው ክፍለ ሀገር ያገኘው ድምፅ ከአራት በመቶ በታች ነበር። በአብላጫ ድምፅ ሥርዓት፣ በየምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘ አንድ ሰው ብቻ በሚያልፍበት፣ ይህን ያህል ድምፅ በየቦታው ቢበተን አንድም መቀመጫ አያስገኝም። አራት መቀመጫ ያስገኘው ደጋፊዎቹ በጥቂት ሰፈሮች ተሰባስበው መኖራቸው ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 ለአናሳ ብሔረሰቦች ከ20 የማያንስ የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ እንዲኖራቸው ሲደነግግ፣ በኩቤክ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የተያዘ መቀመጫ የለም፤ በዚያ ምትክ የሠራላቸው የሰፈራቸው ካርታ ነው። ካርታው ግን ጣሪያም ሠራባቸው። ከእነዚያ ሰፈሮች ባሻገር ፓርቲው የሚያድግበት መሬት አልነበረውም፤ ይህን በወቅቱ በግልጽ የተናገረ የፓርቲው ሰው ካለ እኔ አላገኘሁትም።

በዚያው ሰሞን በጎረቤት ክፍለ ሀገር በኒው ብረንስዊክ የሆነውን ማስታወስ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ጉዳዩ ተቃራኒ፣ ዕጣው ግን አንድ ነበር። የክልሎች ኮንፌዴሬሽን የተባለው ፓርቲ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ እኩል የሥራ ቋንቋ መሆናቸውን ተቃውሞ በ1991 ምርጫ 8 መቀመጫ አሸነፈና የክፍለ ሀገሩ ዋና ተቃዋሚ ሆነ። እዚያ ድምፁን ያሰማው በቁጥር የሚበልጠው ወገን ነበር፤ ቅሬታውም ለአናሳው የተሰጠው መብት በዛ የሚል ነበር። በዓላማ ከእኩልነት ፓርቲ ጋር ፈጽሞ አይገናኙም፤ እኔም ሁለቱን በአንድ ዓይን አላይም። ነገር ግን ይህም ፓርቲ በውስጥ ጠብ ተከፋፍሎ በ1995 ምርጫ ባዶ እጁን ወጣ። በአንድ ቅሬታ የተሰባሰቡ ሰዎች ምክር ቤት ከገቡ በኋላ በሌሎቹ ጉዳዮች ሁሉ ምን እንደሚያስቡ መጠየቃቸው አይቀርም፤ በግብር፣ በሆስፒታል፣ በመንገድ፣ በትምህርት። ያን ጊዜ እርስ በርሳቸው ገና ያልተዋወቁ ሰዎች መሆናቸው ይገለጣል።

የእኩልነት ፓርቲ አራት ተመራጮች የገጠማቸውም ይኸው ነበር። የኩቤክ ምክር ቤት አንድን ፓርቲ እንደ ሙሉ የምክር ቤት ቡድን ለመቀበል ቢያንስ 12 መቀመጫ ወይም 20 በመቶ ድምፅ ይጠይቅ ስለነበር፣ አራቱ የሚያገኙት የጥያቄ ጊዜና የጽሕፈት ቤት በጀት የተወሰነ ነበር። በዚያ ላይ በባሕርይ የተለያዩ ነበሩ፤ መምህሩ፣ የሬዲዮ ሰው፣ የዌስትማውንት ጠበቃና ወጣቱ አርክቴክት፣ ከአንዱ ሕግ በቀር የሚያስተሣሥራቸው የጋራ የፖለቲካ ልምድ አልነበራቸውም። ሆልደን በ1991 ከፓርቲው ተለዩ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ማንም ባልጠበቀው ሁኔታ ለኩቤክ ነጻነት የሚታገለውን ፓርቲ ኬቤኳን ተቀላቀሉ። በጠቅላላ ሞንትሪያል ውስጥ ከዌስትማውንት ይልቅ የነጻነቱን ሐሳብ የሚጠላ ሰፈር ማግኘት ይከብዳል፤ የመረጣቸው ሕዝብ ምን እንደተሰማው መገመት አያስቸግርም። አንድን መንግሥት ቃሉን አጠፈ ብሎ የተነሣ ፓርቲ፣ የራሱ ተመራጭ ወደ ተቃራኒው ጎራ ሲሻገር፣ ከሁሉ በላይ የሚያጣው ያንኑ የቆመበትን የታማኝነት ክርክር ነው። ሊብማን በ1993 መሪነቱን ለቀቁ፤ ቦታቸውን ኪት ሄንደርሰን ወሰዱ። ከ1994 ምርጫ በፊት ደግሞ ሊብማን ፓርቲውንም ትተው በግል ተወዳዳሪነት ቀረቡ።

ብዙዎች የፓርቲውን ውድቀት በዚህ ጠብ ብቻ ሲያስረዱ እሰማለሁ። ጠብ ቢኖርም ባይኖርም ፓርቲው ከ1994 የሚያልፍ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም የወለደው ሕግ የጊዜ ገደቡን ይዞ ነበር የመጣው። የአንቀጽ 33 አምስት ዓመት በ1993 መጨረሻ ያበቃል። ቡራሳ ሊያድሱት ወይም ሊተዉት ይገባ ነበር። በዚያው ዓመት ማርች 31 የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ፣ ከኩቤክ በመጡ ሦስት እንግሊዝኛ ተናጋሪ ነጋዴዎች አቤቱታ ላይ አስተያየቱን ሰጠ። ኮሚቴው አንድ መንግሥት የሥራ ቋንቋውን የመምረጥ መብት እንዳለው፣ ነገር ግን ከመንግሥት ሥራ ውጭ ባለው ኑሮ ሰው በመረጠው ቋንቋ ሐሳቡን እንዳይገልጽ መከልከል እንደማይችል አስታወቀ። አቤት ባዮቹ የአናሳ መብታችን ተጣሰ ሲሉ ያቀረቡትን ግን አልተቀበለም፤ አናሳነት የሚለካው በጠቅላላ ሀገሪቱ እንጂ በአንድ ክፍለ ሀገር አይደለምና፣ በካናዳ ብዙኃን የሆኑት እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በኩቤክ ብቻ አናሳ ስለሆኑ የአናሳ ጥበቃ አያገኙም አለ። ከኮሚቴው አባላት ጥቂቶቹ በዚህ አልተስማሙም፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ። በሀገሩ ብዙኃን፣ በሚኖርበት ክልል ግን አናሳ የሆነ ሰው ማን ይጠብቀዋል የሚለው ጥያቄ ለእኛ ሀገር አንባቢ ባዕድ ስላልሆነ በሰፊው ማብራራት አያስፈልገኝም።

በጁን 1993 ምክር ቤቱ «ሕግ 86» የተባለውን አጸደቀ። የሕጉ ባለቤት ሚኒስትሩ ክሎድ ራያን ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የውጭ ማስታወቂያ በሌላ ቋንቋም ሊጻፍ ይችላል፤ ፈረንሳይኛው ጎልቶ እስከታየ ድረስ። አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ወደ 1988ቱ ፍርድ እንዲመለስ እለምናለሁ። ሕግ 86 ያመጣው መፍትሔ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያን ጊዜ ያመለከተው ራሱ ነው። እንግዲህ የእኩልነት ፓርቲ የኖረው ፍርድ ቤቱ መፍትሔውን በጠቆመበትና መንግሥት መፍትሔውን በተቀበለበት መካከል ባለው ጊዜ ነው። መንግሥት ያንን ምክር በዲሴምበር 1988 ሰምቶ ቢሆን ኖሮ ፓርቲው አይወለድም ነበር፤ በ1993 ሲሰማም ፓርቲው የሚቆምበት መሬት ከእግሩ ሥር ተወሰደ።

ይህ ማለት ፓርቲው ከንቱ ነበር ማለት አይደለም፤ እንዲያውም በተቃራኒው ነው የማስበው። ሕጉ እንዲለወጥ ፍርድ ቤቱ፣ የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ፣ የአምስት ዓመቱ ገደብ፣ እንዲሁም የጋለው የቋንቋ ክርክር መብረድ ሁሉም የየራሳቸውን ድርሻ አበርክተዋል፤ የአራቱ መቀመጫዎች ድርሻ ይህን ያህል ነው ብሎ መለካት አይቻልም። ነገር ግን አንድ አውራ ፓርቲ «እነዚህ ሰዎች የትም አይሄዱም» ብሎ የናቃቸው መራጮች መሄድ እንደሚችሉ በድምፅ መስጫው ታይቷል። ከ1989 በፊት ቡራሳ ሲያሰሉ በአንድ በኩል ፓርቲ ኬቤኳ ሊወስድባቸው የሚችለው የፈረንሳይኛ ተናጋሪ ድምፅ ነበር፤ በሌላ በኩል ምንም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በሌላኛው ሚዛንም ላይ የሚቀመጥ ነገር ተገኘ።

መራጮቹ ወደ ቤታቸው የተመለሱበት ሌላም ምክንያት ነበር፤ እርሱም ፍርሃት ነው። በ1994 ዣክ ፓሪዞ ፓርቲ ኬቤኳን ይዘው፣ ካሸነፉ ብዙም ሳይቆዩ ስለ ነጻነት ሕዝበ ውሳኔ እንደሚጠሩ በግልጽ እየተናገሩ ተወዳደሩ። በ1989 ለእኩልነት ፓርቲ የመረጡ አንድ ጎረቤቴ፣ በ1994 ለምን ወደ ሊበራሎቹ እንደተመለሱ ስጠይቃቸው፣ ቤቱ ሊቃጠል ሲል ስለ በሩ ቀለም አይከራከሩም ነበር መልሳቸው። ድምፅ ይከፋፈላል የሚለው ሥጋት ትክክል ስለመሆኑ ግን ውጤቱን ያየ ሰው ይጠራጠራል። በዚያ ምርጫ ፓርቲ ኬቤኳና ሊበራሎቹ ያገኙት ድምፅ እኩል ለእኩል ሊባል የሚችል፣ ሁለቱም ከ44 በመቶ በላይ ሲሆን፣ መቀመጫው ግን 77 ለ47 ሆነ። የእንግሊዝኛ ተናጋሪው ድምፅ በምዕራብ ሞንትሪያል ተከምሮ ስለቀረ ለሊበራሎቹ ተጨማሪ መቀመጫ አላስገኘም። አራቱ መቀመጫዎች በእኩልነት ፓርቲ እጅ ቢቆዩ መንግሥቱን የሚይዘው ያው ፓርቲ ኬቤኳ ነበር። ፍርሃቱ ግን መሠረት አልነበረውም ማለት አልችልም፤ በኦክቶበር 1995 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ «አይሆንም» ያሉት 50.58 በመቶ ብቻ ነበሩ። የእኩልነት ፓርቲ በ1994 ያገኘው ድምፅ በመላው ክፍለ ሀገር 0.3 በመቶ ገደማ ነው።

በዚያው የ1994 ምርጫ ሌላ አዲስ ትንሽ ፓርቲ አንድ መቀመጫ ብቻ አግኝቶ ምክር ቤት ገብቷል፤ ማሪዮ ዱሞን የመሩት አክሲዮን ዴሞክራቲክ። አራት ይዞ የተነሣው ሲጠፋ፣ አንድ ይዞ የተነሣው ቀስ በቀስ አድጎ በ2007 በ41 መቀመጫ ዋና ተቃዋሚ ሆነ፤ በ2012 ደግሞ ከኮአሊሲዮን አቬኒር ጋር ተዋሕዶ፣ ያ ፓርቲ በ2018 መንግሥት መሠረተ። ልዩነቱ የመሪዎቹ ብልኀት ብቻ አይመስለኝም። የዱሞን ፓርቲ በሁለቱ ትላልቅ ፓርቲዎች መካከል ለሰለቸው ለየትኛውም የገጠርና የከተማ መራጭ የሚናገረው ነበረው፤ የእኩልነት ፓርቲ ግን አስቀድሞ ለሚስማሙት ብቻ ይናገር ነበር።

ቅር የሚለኝም በዚህ ነው። እንደ እኛ ያሉ፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንግሊዝኛም ፈረንሳይኛም ያልሆነ ሰዎች ሞንትሪያልን ሲሞሉ፣ ይህ ፓርቲ ስሙ እኩልነት እየተባለ ወደ እነርሱ በቁም ነገር አልዞረም። ልጆቹ በፈረንሳይኛ የሚማሩለት፣ በሥራ ቦታ እንግሊዝኛ የሚጠየቅ፣ በቤቱ አማርኛ፣ ትግርኛ ወይም ሌላ ቋንቋ የሚናገር ሰው የቋንቋ ሕግ በኑሮው ላይ ምን እንደሚያደርግ ከማንም በተሻለ ያውቃል። ከእርሱ ጋር ቢመካከሩ ኖሮ የሱቅ ጽሑፍን ከማስለወጥ ያለፈ ፕሮግራም ይገኝ ነበር፤ ለጎልማሶች በቂ የፈረንሳይኛ ትምህርት፣ በውጭ ሀገር ለተገኘ ዲግሪ ዕውቅና፣ በሆስፒታል የአስተርጓሚ አገልግሎት። እነዚህ ፈረንሳይኛን የማይጎዱ፣ እንዲያውም የሚያጠናክሩ ጥያቄዎች ናቸው። የፈረንሳይኛ ተናጋሪ ጎረቤትም በደስታ ሊፈርምባቸው ይችል ነበር።

ፓርቲው ትቶት ከሄደው ነገር እስከ ዛሬ በሕግ ተማሪዎች የሚነበበው አንድ ፍርድ ነው። በ1992 የካናዳን ሕገ መንግሥት ለማሻሻል በቀረበው በሻርለታውን ስምምነት ላይ ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ፣ የኩቤክ የሕዝበ ውሳኔ ሕግ የቅስቀሳ ወጪ ሁሉ በ«እሺ» ወይም በ«እምቢ» ኮሚቴ በኩል እንዲያልፍ ያስገድድ ነበር። ከሁለቱም ኮሚቴዎች ጋር ሊሠለፍ ያልቻለ ሰው የሚፈቀድለት ጥቂት ነገር፣ ለምሳሌ ስብሰባ ለማካሄድ እስከ 600 ዶላር ማውጣት፣ ብቻ ነበር። ሊብማንና የእኩልነት ፓርቲ ይህን ተቃውመው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዱ። ፍርድ ቤቱ በ1997 በአንድ ድምፅ ለእነርሱ ፈረደ። ሀብታም በገንዘቡ የሕዝቡን ውሳኔ እንዳይጫን ወጪን መገደብ ተገቢ ዓላማ መሆኑን ተቀበለ፤ ነገር ግን ገደቡ ከሁለቱ ጎራዎች ውጭ ያለውን ሰው ዝም ከማሰኘት የማይለይ ሆኗል አለ። ፍርዱ ሲሰጥ ሊብማን የፓርቲው አባል አልነበሩም፤ ፓርቲውም በምክር ቤት አንድ ሰው አልነበረውም። ሁለት ጎራ ብቻ በሚታወቅበት ፖለቲካ ሦስተኛ ሆኖ ለመናገር የሚፈልግ ሁሉ ግን የዚያ ክስ ተጠቃሚ ነው፤ ከአራቱ መቀመጫዎች ይልቅ ይህን አከብርላቸዋለሁ።

ፓርቲው በ2012 ከምርጫ መዝገብ ተሰረዘ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በሜይ 2022፣ የኮአሊሲዮን አቬኒር መንግሥት የፈረንሳይኛን ቻርተር የሚያጠብቀውን «ሕግ 96» አጸደቀ፤ አሁንም አንቀጽ 33ን ተጠቅሞ። ወዲያውም እንደ 1989ኙ አዳዲስ ፓርቲዎች ተመሠረቱ፤ የካናዳ ፓርቲ በኩቤክ እና ብሎክ ሞንትሪያል። ሁለቱም በዚያ ዓመት ኦክቶበር በተካሄደው ምርጫ መቀመጫ አላገኙም። በሰፈሬ የነበረው ቁጣ ከ1989ኙ ያነሰ ነው ብዬ አላምንም፤ ነገር ግን በዚህኛው ጊዜ ሕጉን ያወጣው መንግሥት የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ፓርቲ ስላልነበረ፣ ሊበራሎቹን ለመቅጣት የሚወጣ መራጭ አልተገኘም። ቁጣ በፓርቲ መልክ የሚወጣው ከጠላት ይልቅ የራስ ወገን ሲከዳ መሆኑን ሁለቱ ምርጫዎች ጎን ለጎን ሲታዩ ያስረዳሉ።

የሕግ 96 አምስት ዓመትም ካልታደሰ በ2027 ያበቃል፤ የማደሱ ሥልጣን ደግሞ የሚኖረው በኦክቶበር 2026 ለሚደረገው ምርጫ በተያዘው ቀጠሮ ለሚመረጠው ምክር ቤት ነው። በኖትር-ዳም-ደ-ግራስ በሬን ለሚያንኳኳ ተወዳዳሪ፣ የየትኛውም ፓርቲ ይሁን፣ ሁለት ጥያቄ አዘጋጅቻለሁ፤ እድሳቱ ሲቀርብ ድምፅህን ለየትኛው ወገን ትሰጣለህ፣ ፈረንሳይኛ ገና በመማር ላይ ላለችው፣ በቅርቡ ከአዲስ አበባ ለመጣችው ለነርሷ እኅታችንስ ምን ይዘህላት መጥተሃል?